ሹመት ያዳብር ከማለታችን በፊት፦ ስለ በዓለ ሲመት ንግግር የተነሳ ክርክር

ይህ የመድረካችን የውይይት ክር መልሱ እየበዛ ሲሄድ አዲስ የሚገባ ሰው መያዣ መጨበጫው ጠፋው። ሁለት ሦስት ሰዎች እስቲ ከመጀመሪያው ተርክልን ብለው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ዕዳውም የእኔ ነው። የሰዎቹን ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም። ያሉትን በራሴ አፍ ነው የማወራው። አልፎ አልፎ የራሴንም ጣል አደርጋለሁ፤ ቻሉኝ።

መነሻ ጽሑፍ

አዲስ መሪ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ወንበሩ በእጁ ገብቷል። ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ይናገራል? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለምሳሌ መሐላውን እንጂ ንግግሩን አይጠይቅም። ግን ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 ኒው ዮርክ ላይ ከጀመሩት ወዲህ ሳይናገር ሥራ የሚጀምር የተመረጠ ፕሬዚዳንት የለም።

የእኔ ግምት እንዲህ ነው። ሥልጣንና ቅቡልነት ለየብቻ ናቸው። ሥልጣኑን ፓርላማ፣ የምርጫ ሳጥን ወይም ጠመንጃ ይሰጣል። ቅቡልነቱን የሚሰጠው ሰሚው ነው። ስለዚህ ንግግሩ የሚሮጠው ሰሚው ወደሚጠራጠርበት ቦታ ነው። መሪው ማንን እንደጠራ ልብ በሉ። ፈጣሪን ነው? አባቶችን? ሙታንን? መራጩን? የጠራው ያጠረውን ነው።

ምሳሌዬ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቆመው ያደረጉትን ንግግር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ወንበሩን የሰጣቸው ፓርቲያቸውና ምክር ቤቱ ነው። ያኔ 547ቱም ወንበር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ነበር። ሕዝቡ በእሳቸው ስም ድምፅ አልሰጠም። ንግግሩ ታዲያ ጉልበቱን የት አዋለ? ዐድዋን፣ መተማን፣ ካራማራን፣ ባድመን ጠራ። የአንዱ ብሔር ልጅ ሌላው ዘንድ ወድቆ የዚያ ምድር አፈር ሆኖ መቅረቱን አነሳ። ስንሞት ኢትዮጵያ እንሆናለን የተባለውም በዚያው ንግግር ነው። ለጠፋው ሕይወት ይቅርታ ተጠየቀ። ኤርትራ ለውይይት ተጋበዘች። እናታቸውም ተመሰገኑ፤ ልጃቸው ትልቅ ቦታ እንደሚደርስ ገና በሕፃንነቱ ይነግሩት እንደነበር ተወሳ።

ሙታን፣ አፈር፣ ይቅርታ፣ እናት። አንዳቸውም በድምፅ ብልጫ አይገኙም።

የእናንተን ምሳሌ አምጡ ብዬ ጨረስኩ። የሚያፈርሰኝ ካለም ይምጣ አልኩ። መጣ።

መልስ 1

ከሐዋሳ ነው፤ መምህር ነኝ ብሏል። በትሕትና ጀምሮ የአቶ ኃይለማርያም ደሳለኝን ንግግር ጨመረልኝ። አቶ መለስ ዜናዊ ካረፉ ወር ካለፈ በኋላ፣ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ የንግግሩ ምሰሶ የሟቹን መሪ ራዕይ ያለ አንዳች ለውጥ ማስቀጠል ነበር። መምህሩ ይህን እንደ ሐዘን ብቻ እንዳናየው አሳሰበ። አቶ ኃይለማርያም ከትጥቅ ትግሉ የመጡ ሰው አልነበሩም። መሐንዲስ ናቸው፤ አርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ዲን ነበሩ። በዙሪያቸው የነበሩት ደግሞ ብዙዎቹ በረሃ የከረሙ ታጋዮች ናቸው። በራሳቸው ስም ለውጥ አመጣለሁ ቢሉ ማን ይከተላቸዋል? ስለዚህ ቅቡልነቱን ከሟቹ ተዋሱ ይላል መምህሩ። ከሁሉም መልስ በፊት የመጣና ከሁሉም የተረጋጋ መልስ ነው።

መልስ 2

ፀጉር አስተካካይ ነው። ትንታኔ የለውም፤ ትዝታ ነው ያመጣው። የ2010ሩ ንግግር ሲተላለፍ ግማሹ የተላጨ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ትቶ ቴሌቪዥን አየ። ደንበኛውም አልተቆጣም፤ አንገቱን ጠምዝዞ አብሮ ያይ ነበር። ቤቱ የተንጫጫው ጀግኖቹ ሲጠሩ ነው ይላል። ጸጥ ያለው ደግሞ እናትየዋ ሲነሱ። አንድ ሽማግሌ እንባቸውን በፎጣው ጠረጉ፤ ፎጣው የደንበኛው ነበር።

ይሄ መልስ ብዙ ላይክ አገኘ። አይገርመኝም።

መልስ 3

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። የሕግ ባለሙያ መሆኑን የገለጸ ሰው ጥያቄዬ ራሱ የተሳሳተ ነው አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ፓርላሜንታዊ ሥርዓት ባለበት አገር ሕዝብ በስሙ ድምፅ አልሰጠውም ብሎ ጉድለት መፈለግ አሜሪካን ፊልም ማየት ከማብዛት የሚመጣ ነው ሲል ወረፈኝ። ጨዋነቱን እስከዚያች ዐረፍተ ነገር ድረስ ጠብቆ ነበር።

መልስ 4

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሆነ የታክሲ ሾፌር መለሰለት። ሕጋዊ መሆንና መታመን አንድ አይደሉም አለ። ያ ንግግር ሲደረግ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ለዓመታት የቆየ ተቃውሞ ነበር። አቶ ኃይለማርያም የለቀቁት ከዚያ በፊት ባለው የካቲት ነው። ምክር ቤቱ በሕግ ምንም ሳይጎድለው ሕዝቡ ዘንድ ግን ጎድሎበት ነበር።

ከዚያ ጄራልድ ፎርድን አመጣ። ይህ ምሳሌ እኔም ልቤ ላይ ነበር፤ ቀደመኝ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1974 ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ለቀው ፎርድ ዋይት ሐውስ ውስጥ ማሉ። ብዙ መሪ የወንበሩን ሳንካ ይሸፍናል። ፎርድ ግን ከፊት አወጡት። በድምፅ መስጫ ወረቀታችሁ እንዳልመረጣችሁኝ ጠንቅቄ አውቃለሁ አሉና በጸሎታችሁ አጽኑኝ ብለው ለመኑ። የሚያደርጉትንም የበዓለ ሲመት ንግግር ብለው ሊጠሩት አልፈለጉም፤ በወዳጆች መካከል የሚደረግ ግልጽ ጨዋታ ነው አሉ።

እኔ ይህን ንግግር የምወደው በድፍረቱ ነው። ድምፅ ከሌለህ ጸሎት ትጠይቃለህ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም።

መልስ 5

ሾፌሩ በመሃል ፎርድ ከኒክሰን ጋር በምክትልነት ተመርጠው እንደነበር ጽፎ ነበር። መልስ 5 አረመው። የተመረጡት ስፓይሮ አግኒው ናቸው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1973 በሙስና ጉዳይ ሲለቁ ፎርድ በኒክሰን ተመርጠውና በኮንግረስ ጸድቀው ቦታውን ያዙ። ስለዚህ ፎርድ ፕሬዚዳንትም ምክትልም ሆነው በሕዝብ ድምፅ አልተመረጡም ነበር። እርማቱ ምሳሌውን ጭራሽ አጠነከረው።

መልስ 6 እና 7

ክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንገድ ወጣ። መልስ 5 ፎርድን አለ፣ ለቀቀ እያለ ነበር የጻፈው። መልስ 6 የተባሉ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት የአገር መሪ አንቱ ይባላል፣ የፈረንጅ ቢሆንም ብለው ተቆጡ። መልስ 7 ደግሞ በቅሌት የለቀቀውንም ኒክሰንን አንቱ ልንል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እናትየዋ መልስ አልሰጡትም። እኔ ለሁሉም አንቱ ብያለሁ፤ ከእሳቸው ጋር መጣላት አልፈልግም።

መልስ 8

የሚያፈርሰኝ ሰው ይሄ ነበር። ግምቴ እውነት ከሆነ የተማመነ መሪ አጭር፣ የሰጋ መሪ ረጅም መናገር ነበረበት አለ። ከዚያ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰንን ወረወረብኝ። እ.ኤ.አ. በ1840 ምርጫ 234 ለ60 በሆነ የወኪል መራጮች ድምፅ አሸነፉ። ሰፊ ድል ነው። ሆኖም በመጋቢት 1841 ብርድ ላይ ካፖርት ሳይደርቡ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ንግግር አደረጉ። ከ8,400 ቃላት በላይ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም። ከወር በኋላም ሞቱ። በድምፅ ብልጫ የጠገበ ሰው ምን ጎድሎት ነው ይህን ያህል ያወራው ሲል ጠየቀ።

መልስ 9

ሳልመልስ ሌላ ሰው ደረሰልኝ። ሃሪሰን 68 ዓመታቸው ነበር። ለዚያ ዘመን ሽማግሌ ናቸው። ተቃዋሚዎቻቸው በዛፍ ግንድ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ሳይደር (የፖም መጠጥ) የሚጠጣ ሽማግሌ እያሉ ያፌዙባቸው ነበር። የምርጫ ዘመቻቸው ፌዙን ገልብጦ ተጠቀመበት፤ ሰውየውን የጎጆና የሳይደር እጩ አድርጎ ሸጠ። አሸነፉ፣ ግን ዕውቀት የላቸውም የሚለው ሐሜት አብሮ ገባ። ንግግሩ ታዲያ በጥንታዊት ሮም ታሪክ የተሞላ ነው። ካፖርቱም የቀረው ጥንካሬን ለማሳየት ነው ይባላል። የመራጩ ቁጥር አልጎደለም፤ የጎደለው ክብር ነው።

እኔ በዚህ እስማማለሁ። ግን መልስ 8 አልተቀበለም። በዚህ ዓይነት የትኛውም ንግግር ላይ ጉድለት ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፣ ስለዚህ ግምቱ ሊሸነፍ የማይችል ግምት ነው አለ። ይሄ ከባድ ምት ነው። በዚህ ክር ውስጥ ከተባሉት ሁሉ ያሳሰበኝም ይሄ ነው።

መልስ 10

ቁጥር የሚወድ ሰው መጣ። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1793 ለሁለተኛ ጊዜ ሲምሉ 135 ቃላት ብቻ ነው የተናገሩት። ተፎካካሪ አልነበራቸውም፤ ማሳመንም አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ ግምቱ ይሠራል አለ። ለመልስ 8 ያቀረብኩትም ይህንኑ ነው፦ ምንም ካልጎደለ ንግግሩም ይከሳል። እሱ ግን አንድ ምሳሌ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም በሚል ስሜት አንድ የምፀት ምልክት ብቻ ለጥፎ ሄደ።

መልስ 11

ወደ አገር ቤት ተመለስን። ከጎንደር የሆነች አንዲት አንባቢ ንግግር ሳያደርጉ የተናገሩ ንጉሥ አሉ አለች። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀቡ ችግራቸው የዘር ሐረግ ነበር። መሳፍንቱ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። እሳቸው ምን አደረጉ? የነገሡበትን ስም መረጡ። ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ ይመጣል ተብሎ የተነገረለት፣ ፍትሕና ሰላም ያመጣል የተባለው ንጉሥ ስሙ ቴዎድሮስ ነው። ዘሩን የሚጠይቅ ሰው ትንቢቱን ይጠይቅ ማለት ነው። አንድ ስም የሙሉ በዓለ ሲመት ንግግር ሥራ ሠራ።

በጣም ጎበዝ መልስ ነው።

መልስ 12

አንድ ሰው በዚህ ተነስቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.ን አነሳ። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ጣሊያን ከገባ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን ነው። ቀኑ ራሱ ተናገረ ይላል፤ የሽንፈቱን ዕለት በድሉ ዕለት ሸፈኑት። የዚያን ዕለት ንግግራቸው ጣሊያን ያለ ርኅራኄ የጨፈጨፋቸውን ወጣቶች፣ ሴቶች፣ ካህናትና መነኮሳት አነሳ። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል አመጣ። ክፉን በክፉ አትመልሱ አለ። አዲስ ዘመን መጀመሩንም አወጀ።

ጉድለቱ ስደቱ ነው ሲል ጸሐፊው ይሟገታል። አርበኛው በዱር በገደሉ ሲዋደቅ ንጉሡ ውጭ ነበሩ። አዲስ ዘመን ተጀመረ ሲባል፣ ባለፈው ዘመን ማን የት ነበር የሚለው ጥያቄ ባለፈው ዘመን ይቀራል።

መልስ 13

ታሪክ ያጠና የሚመስል ሰው ይህን ከፊል አረመ። ጃንሆይ የተናገሩት ለአርበኛው ብቻ አይደለም፤ ለእንግሊዝም ነበር አለ። አዲስ አበባን የእንግሊዝ ጦር የያዘው ወር ቀደም ብሎ ነው። የንጉሡ አገባብ ግን እንዲዘገይ ተደረገ። እንግሊዝ አገሪቱን ከጠላት የተያዘ ግዛት ብሎ በራሱ ወታደራዊ አስተዳደር ሊያስተዳድር ጀምሮ ነበር። ንጉሡ አዲስ ዘመን ብለው ባወጁ በቀናት ውስጥ ሚኒስትሮች ሾሙ፤ እንግሊዞቹም አኮረፉ። ስምምነቱ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በጥር 1942 ነው። ስለዚህ በንግግሩ ቀን ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ገና አልተፈታም ነበር። ንግግሩ ባለቤትነቱን በአፍ አስቀድሞ ያዘ።

እኔ እስከዚያ ድረስ ይህን ንግግር የድል ንግግር አድርጌ ብቻ ነበር የማነበው። አሁን በእንግሊዝ መኮንኖች ጆሮ ሳስበው ሌላ ጽሑፍ ይሆንብኛል።

ከመልስ 14 እስከ 17

ስደቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ጠብ ነው። በአራት መልስ ውስጥ ማይጨው፣ ጄኔቭና የአንድ ተሳታፊ አያት ተነሱ። አያትየው በሁለቱም ወገን ምስክር ሆነው ተጠርተዋል። ከርዕሱ ጋር የሚያገናኘው ስለሌለ እዘለዋለሁ።

መልስ 18

ከናይሮቢ ነው፤ ኢስትሌ ውስጥ ሱቅ አለኝ ብሏል። ንግግር ብቻውን ቅቡልነት እንደማይወልድ ማየት የፈለገ ኬንያን ይይ አለ። ምዋይ ኪባኪ ሁለት ጊዜ የማሉት በአንድ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2002 እና ታኅሣሥ 30 ቀን 2007። የመጀመሪያው በኡሁሩ ፓርክ፣ ጸሐይ ላይ፣ ቁጥር ስፍር በሌለው ሕዝብ ፊት ነበር። ኪባኪ የመኪና አደጋ ስለደረሰባቸው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ነው የማሉት። ተሰናባቹ ዳንኤል አራፕ ሞይ አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ አገሪቱ በዓመታት ብልሹ አስተዳደር ተጎድታ እንደተረከቧት ተናገሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሁለተኛው ደግሞ በምሽት፣ በስቴት ሐውስ ግቢ፣ ጥቂት ሰው ባለበት፣ የምርጫ ኮሚሽኑ ውጤት ከተናገረ ብዙም ሳይቆይ ነበር። ያው ሰው፣ ያው መሐላ። ግን ያንን ውጤት ግማሹ አገር አላመነውም። ተከትሎ በመጣው ግጭት ከ1,000 ሰው በላይ ሞተ። ግጭቱ የቆመው የቀድሞው የተመድ ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን አሸማግለው የኪባኪ ተፎካካሪ ራይላ ኦዲንጋ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ስምምነት ሲፈረም ነው። ባለሱቁ ያን ሳምንት በሩን ዘግቶ በጓዳ በኩል ዳቦ ይሸጥ እንደነበር አጫውቶናል። እንደሱ አባባል የመሪው ቃል የሚመዘነው በሚናገርበት ሰዓትና ግቢ ጭምር ነው።

መልስ 19

በዚህ ላይ ተንተርሶ ሌላ ሰው ጋምቢያን ጨመረ። አዳማ ባሮው እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የማሉት አገራቸው ውስጥ እንኳ አይደለም፤ ዳካር ባለው ኤምባሲያቸው በጠባብ ክፍል ነው። ያህያ ጃሜ ተሸንፈው ወንበሩን አልለቅም ብለው ነበር። ባሮው የምርጫው ድምፅ ነበራቸው፣ የጎደላቸው ወታደር ነው። ንግግራቸውም ሠራዊቱ ከሰፈሩ እንዳይወጣ አዘዘ። የጠራው ያጠረውን ነው የሚለውን የኔን አባባል መልሶ ስለጠቀሰልኝ አመሰግነዋለሁ። በቀናት ውስጥ የምዕራብ አፍሪካ አገራት ጦር ተጭኖ ጃሜ ወጡ።

መልስ 20 እና 21

መልስ 20 ማንዴላን እስካሁን ማንም አለማንሳቱ ነውር ነው ብሎ ብቻ ሄደ። መልስ 21 አነሳቸው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 1994፣ ፕሪቶሪያ፣ ዩኒየን ቢልዲንግስ። ፓርቲያቸው ኤኤንሲ 62 ከመቶ በላይ ድምፅ አግኝቷል። ስለዚህ ጥቁሩ መራጭ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው አገሬ ተወሰደ ብሎ የፈራው ነጭና ጦሩ ነው። ጸሐፊው ንግግሩን በዚህ ዓይን አነበበው። ማንዴላ ሰውን ከምድሩ ጋር ያስተሳሰሩት በዛፍ ነው፤ የፕሪቶሪያን ጃካራንዳና የቡሽቬልድን ሚሞሳ ጠሩ። ጃካራንዳውን ነጩም ጥቁሩም ያውቀዋል። የዘር ስም ሳይጠሩ ሁለቱንም ጠሩ። የመጨረሻው ነጭ ፕሬዚዳንት የነበሩትንና አሁን ምክትላቸው የሆኑትን ደ ክለርክን አከበሩ። የጸጥታ ኃይሉንም አመሰገኑ፤ ትናንት ሲያሳድዳቸው የነበረውን። የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች በላያቸው ሲያልፉ ከታች የነበረው ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኛ ናቸው ብሎ አየ።

ዳግመኛ፣ ዳግመኛ አይደገምም የሚለውን ግን ለወገናቸው ነው የተናገሩት ይላል። እኔ እዚህ ጋ እለያለሁ። ያ ቃል ለሁለቱም ነው። ለተበደለው ቃል ኪዳን፣ ለበዳዩም በቀል የለም የሚል ዋስትና ነው፤ አንዱ ሌላውን አይጨቁንም ነው የሚለው።

መልስ 22

ክሩ የከረረው እዚህ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ንግግር ስታደንቁ የሞተውን ረሳችሁ አለ። በ2010 ስንሞት ኢትዮጵያ እንሆናለን ብለን አለቀስን፤ በ2013 በሰሜኑ ጦርነት በእውነት ሞትን። ንግግር ብድር ነው፤ ያልተመለሰ ብድር ደግሞ ማታለል ነው አለ። የቤተሰቡንም ጉዳት ጠቀሰ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

ከመልስ 23 እስከ 26

መልስ 23 ወንድሜ ነፍስ ይማር ብሎ በትሕትና ጀመረና ጦርነቱን ማን ጀመረው ወደሚለው ገባ። መልስ 24 ካድሬ አለው። መልስ 25 ካድሬ ላለው ሰው ሌላ ስም ሰጠው። መልስ 26 ላይ አድሚኑ ሁለቱን አጠፋና ርዕሱ ንግግር እንጂ ክስ አይደለም ብሎ ለጠፈ።

እኔ ግን ከመልስ 22 ጋር ነኝ፣ ቢያንስ በግማሽ። የሙታን ስም የጠራ መሪ ሙታኑ ምስክር ይሆኑበታል። ንግግሩ በዚያች ቀን ብቻ አይሰማም፤ ሰው በየዓመቱ ቪዲዮውን እየከፈተ ያወዳድራል።

መልስ 27

አንዲት ጋዜጠኛ ነገሩን አረጋጋችው። መጋቢት 2010ን ከመስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ጋር ታወዳድራለች። በሁለተኛው ጊዜ ምርጫ ተካሂዷል፤ ዐቢይ ከምክር ቤቱ መሐላ በኋላ በመስቀል አደባባይ በዓል ተደረገላቸው። የናይጄሪያ፣ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሌሎች አገራት መሪዎች ተገኙ። ጦርነቱም ያኔ ገና አላበቃም ነበር፤ ከውጭ ጫናው በርትቶ ነበር። በ2010 መድረኩ ላይ ቤተሰብ ነበር፣ በ2014 የአፍሪካ መሪዎች። ጋዜጠኛዋ እንደምትለው የመጀመሪያው ንግግር የሚያምነውን ሰሚ በአገር ውስጥ ፈለገ፤ የሁለተኛው መድረክ ለውጭው ዓለምም ብቻችንን አይደለንም አለ። እንግዶቹ ወንበራቸው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ንግግር አደረጉ ማለት ይቻላል።

መልስ 28

ከጅዳ ነው። ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። የ2010ሩን ንግግር ማታ ሥራዋን ጨርሳ በስልኳ፣ የማድ ቤቱን መብራት አጥፍታ ሰማችው። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያንም በስም ሲጠሩ ቀና አለች። ለወራት ማንም ጠርቷት አያውቅም ነበር፤ ከአሠሪዋ በቀር። መልስ 22ን የምትረዳው መሆኑንም ጻፈች፤ ቢሆንም ያቺ ማታ የእኔ ናት፣ አልሰጥም አለች። ከዚህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተሳደበም።

መልስ 29

የቀድሞዋን ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ ዘውዴን የሚያስታውስ ሰው መጣ። ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በምክር ቤቶቹ ፊት ሲምሉ ስለ ሴቶች አብዝተው ተናገሩ፤ ይህን ያህል ማለቴ የበዛባችሁ ከሆነ ገና መጀመሬ ነው አሉ። ሥልጣኑ የክብር ነው፤ የሚያዙት ጦርም በጀትም አልነበረም። ቃላቸው ብቻ ነበር መሣሪያቸው። አጭር መልስ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲያስፋፋው ብጠብቅም ማንም አልተከተለውም። ሦስት ሰው ግን የለበሱት ቀሚስ ምን ዓይነት ጥበብ እንደሆነ ጠየቀ።

መልስ 30

የመጨረሻው መልስ ክሩን በሙሉ ገለበጠው። የጻፈው ሰው ስለ ናይጄሪያ ያውቃል። ሙሐማዱ ቡሃሪ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ሲምሉ የሁሉም ነኝ፣ የማንም አይደለሁም አሉ። የቆየ ቂምም እንደማያወራርዱ ቃል ገቡ። ከሠላሳ ዓመት በፊት በመፈንቅለ መንግሥት ገዝተው የነበሩ ጄኔራል ስለሆኑ ሰው የሚፈራው ያንን ነበር። እስከዚህ ድረስ ከእኔ ግምት ጋር ይሄዳል።

ግን፣ አለ፣ ቡሃሪን ቅቡል ያደረጋቸው የእሳቸው ንግግር አይደለም። ከሁለት ወር በፊት ተሸናፊው ጉድላክ ጆናታን ስልክ አንስተው እንኳን ደስ ያለዎት ማለታቸው ነው። ያ ስልክ ባይደወል ኖሮ ቡሃሪ ምን ያህል ቢናገሩ የኪባኪ የ2007 ምሽት ይደርስባቸው ነበር። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2000 ጆርጅ ቡሽን ያጸናቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ውሳኔ ብቻ አይደለም፤ ተሸናፊው አል ጎር በማግሥቱ ማታ ወጥተው ውሳኔውን ባልስማማበትም እቀበላለሁ ማለታቸው ነው። ቡሽም በመሐላው ቀን ያንን አውቀው ጎርን አመሰገኑ። ስለዚህ አሸናፊው የሚናገረውን ስንመረምር የከረምነው ተሸናፊው ከተናገረ በኋላ የቀረውን ትርፍ ነው ሲል ደመደመ።

ለመልስ 8 ጥያቄ የተሻለው መልስም ይሄ ይመስለኛል። ግምቴን መፈተን የሚቻለው ተሸናፊው ያመነበትንና ያላመነበትን በዓለ ሲመት ጎን ለጎን አድርጎ፣ አሸናፊው የቱ ላይ ማንን እንደጠራ በማየት ነው። መልስ 8 እስካሁን አልተመለሰም፤ የኬንያውን ባለሱቅና የናይጄሪያውን ሰው መልስ እንዲያይ ስሙን ጠርቼ ለጥፌበታለሁ።